ሲሙሌሽኑን ከማስረዘማችሁ በፊት

ጤና ይስጥልኝ፣ እንኳን በደህና መጣችሁ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ነገር ነው፣ ኳዚፔሪዮዲክ እንቅስቃሴ ስታጠኑ ሲሙሌሽኑን ዝም ብሎ ማስረዘም መፍትሄ አይደለም። ብዙ ሰው ግራፉ አልገባ ሲለው ኮምፒውተሩን እንደገና ለቀናት ያስሮጠዋል፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን የጎደለው ዳታ ሳይሆን ዳታውን የምናይበት መንገድ ነው።

ኳዚፔሪዮዲክ ምን ማለት መሰላችሁ፣ ጨረቃን ውሰዱ፣ ከሙሉ ጨረቃ እስከ ሙሉ ጨረቃ በአማካይ 29.53 ቀን ነው፣ ለምድር በጣም ከምትቀርብበት ነጥብ ተነስታ እዛው እስክትመለስ ደግሞ 27.55 ቀን፣ ሁለቱ ዑደቶች ስለማይገጥሙ እንቅስቃሴዋ የሚደገም ይመስላል ግን በትክክል አይደገምም። በሂሳቡ እንዲህ ያለው ጉዞ ቶረስ በሚባል የተነፋ ጎማ የመሰለ ገጽ ላይ ይጠመጠማል፣ መነሻው ላይ ግን መቼም አይገጥምም። የሂሳብ ሊቃውንቱ ኮልሞጎሮቭ እ.ኤ.አ. በ1954፣ ከዛ ሞዘርና አርኖልድ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ያሳዩን ነገር ሲስተሙ በትንሹ ቢረበሽም አብዛኞቹ ቶረሶች ትንሽ ተጣመው እንደሚተርፉ ነው። እናንተ የያዛችሁት ሲስተም ውስጥ የትኛው ተረፈ የትኛው ፈረሰ የሚለውን ግን ማስላት የናንተ ስራ ነው።

በጣም የምወደው ክፍል እዚህ ጋ ነው። ፍሪኩዌንሲውን፣ ማለትም ዑደቱ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚዞር፣ በተራ አማካይ ካወጣችሁት አንድ ትክክለኛ ዲጂት ለመጨመር ዳታውን አስር እጥፍ ማድረግ አለባችሁ፣ ለምን ብትሉ ጉዞው ስለማይዘጋ የሆነ ቦታ ላይ ቆርጣችሁታል፣ ስህተቱ የሚመጣው ከነዛ ሁለት ጫፎች ነው። ስለዚህ መሀል ላይ ላሉት ነጥቦች ትልቅ ክብደት ስጡ፣ ወደ ጫፍ ሲሄድ ክብደቱ ቀስ እያለ፣ ምንም ሳይሰበር ዜሮ ይግባ። በቃ ይሄው ነው! ቶረሱ ለስላሳ ከሆነና የፍሪኩዌንሲዎቹ ሬሾ ከቀላል ክፍልፋዮች በደንብ ከራቀ ስህተቱ በሚገርም ፍጥነት ይወድቃል፣ በተራ አማካይ በትሪሊዮን የሚቆጠር ነጥብ የሚጠይቀውን ትክክለኛነት በጣም ባነሰ ዳታ ታገኙታላችሁ።

ኬኦስ ላይ፣ ማለትም ትንሽ የመነሻ ልዩነት በፍጥነት እያደገ ጉዞውን የማይተነበይ ሲያደርገው፣ ይሄ ዘዴ ምንም አይጠቅምም፣ ያ ራሱ ደግሞ ትልቅ መረጃ ነው። ዳታውን ለሁለት ክፈሉትና ከየግማሹ ፍሪኩዌንሲ አውጡ፣ ሁለቱ እስከ 13 እና 14 ዲጂት ከተስማሙ ቶረስ ላይ ናችሁ፣ 2 ወይም 3 ዲጂት ላይ ከተለያዩ ግን ኬኦስን ጠርጥሩ። የስነ ፈለክ ተመራማሪው ላስካር የፕላኔቶችን ፍሪኩዌንሲ በጊዜ ውስጥ መከታተል ሲጀምር የሶላር ሲስተማችን ፍሪኩዌንሲዎች ቀስ እያሉ እንደሚንሸራተቱ ያየው በዚህ መንፈስ ነው።

ቶረሱን ራሱን እንደ ፎሪየር ሲሪየስ፣ ማለትም እንደ ብዙ ሳይንና ኮሳይን ሞገዶች ድምር ጽፎ፣ ግምትን ደጋግሞ በሚያሻሽለው በኒውተን ዘዴ መፍታትም አለ፣ እሱ በጣም ጥሩ ነው ግን የፍሪኩዌንሲዎቹ ቁጥር ሲጨምር የማይታወቁት ቁጥሮች በፍጥነት ይፈነዳሉ። አንድ ነገር ግን አደራ፣ ጠቅላላ ኢነርጂው ሳይለወጥ የሚቆይበት ሲስተም ላይ ሩንጌ ኩታ የሚባለውን የተለመደ ደረጃ በደረጃ የማስላት ዘዴ ለረጅም ጊዜ ስታስሮጡ ኢነርጂው ቀስ እያለ ይሸሻል፣ ያኔ ቶረሱ የፈረሰ ይመስላችኋል፣ የፈረሰው ግን ስሌታችሁ ነው፣ ኢነርጂው እንዲህ እንዳይሸሽ የሚያደርግ፣ ሲምፕሌክቲክ የሚባል ዘዴ ተጠቀሙ።

መሞከር የምትፈልጉ በስታንዳርድ ማፕ ጀምሩ፣ አንድ ፓራሜትር ብቻ ያለው፣ ሁለት ቁጥሮችን ደጋግሞ የሚቀይር ቀላል ቀመር ነው። የፊዚክስ ሊቁ ግሪን እ.ኤ.አ. በ1979 የወርቃማው ሬሾ ቶረስ (የፍሪኩዌንሲ ሬሾው ከወርቃማው ሬሾ፣ 1.618 ገደማ፣ የሚመጣው) የሚፈርሰው ፓራሜትሩ 0.9716 አካባቢ ሲደርስ እንደሆነ አስልቷል፣ እናንተም ወደዛ ቁጥር ቀስ እያላችሁ ተጠጉና በየደረጃው የሁለቱ ግማሾች ዲጂቶች እስከየት እንደሚስማሙ ጻፉ።