አርባ አንድ

እሺ ሰላም ነው የድሬ ልጆች፣ ድምፄ ጎርነን ካለባችሁ ይቅርታ፣ ከአሰቦት ከመጣሁ ሦስተኛ ቀኔ ነው ጉንፋኑንም ይዤው ነው የወረድኩት። የድሬ ልጅ ብርድ አይችልም አቦ።

ደብረ ወገግ ነበርኩ፣ አሰቦት ሥላሴ ገዳም። ድሮ አባባ በባቡር ነው የሚሄደው፣ እኔ በሚኒባስ በቁልቢ በጭሮ በሚኤሶ ዞሬ፣ ከዛ ተራራው በእግር፣ እሱን ጉልበቴ ያውራው።

ፍልሰታ ስለሆነ ሌሊት ለሰዓታት ጸሎት ተነሳን። አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ የደረሱት ነው፣ ወደ 600 ዓመት ሆኖታል። ለእናንተ ላሰማችሁ ብዬ መቅጃ ይዤ ነበር፣ አንዱን አባት «አባ፣ ልቅዳ?» አልኳቸው። «ባትሪው ስንት ሰዓት ይይዛል?» ሲሉኝ «ሁለት» አልኩ፣ «አይበቃህም ልጄ» ብለውኝ ገቡ።

እና ደግሞ ሞንታርቦ የለም። እኛ ድሬ ከዚራ ሰፈር ቁጭ ብለን አዛኑም ቅዳሴውም በስፒከር ነው የሚመጣልን፣ መሀል ላይ ባጃጅ አለ። እዛ ጧፍ ብቻ ነው፣ አንድ ያረጀ ድምፅ ይጀምራል ሌሎቹ ቀስ ብለው ይቀበሉታል፣ የማን ድምፅ የት እንዳለቀ አይታወቅም።

እግዚኦታው ጋ ሲደርስ ነው እኔ የተያዝኩት። «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ»፣ 41 ጊዜ። ልጅ ሆነን ከአያቴ ጋር ስንለው እሽቅድምድም ነበር፣ «እግዞመረነክርስቶስ» አንድ ቃል ነው የሚመስለን ስንጨርስ ሽምብራ ቆሎ አለና። እዛ ግን «እግዚኦ» ይላሉ፣ ይተነፍሳሉ፣ «መሐረነ»። በጣቴ ስቆጥር 17 ላይ ጠፋብኝ፣ አጠገቤ ያሉት አባት መቁጠሪያ ይዘዋል እኔ ባዶ እጄን። ያኔ ነው ቃሉን የሰማሁት፣ ማረን ነው የሚለው እኮ፣ ማረኝ አይደለም! ማንን ነው ታዲያ እኔ የጨመርኩት? ብል ወንድሜ ፊቴ ድቅን አለ፣ በቤት ውርስ ነገር ከተኳረፍን ሁለት ዓመት ያለፈን ሰውዬ፣ እሱንም ጭምር ማር እያልኩ ነው የቆምኩት። ተናደድኩ በእውነት፣ ቤተክርስቲያን ውስጥ።

ደወልክለት ወይ ትሉኛላችሁ። አልደወልኩም። ሚኤሶ ላይ ስልኬን አውጥቼ ስሙን ከፍቼ አይቼ መልሼ ኪሴ ከተትኩት።

ቅጂው እግዚኦታው ጋ ሳይደርስ ባትሪው አልቋል፣ አባ እንዳሉት። እስቲ ያለውን ላሰማችሁ፣ የሚያስለው እኔ ነኝ።