«ወደሽ አይደል የሄድሽው?»

(ከዓረብ አገር የተመለስን ሴቶች ባደረግነው የማርች 8 ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ እናቶቼ፣ እህቶቼ፣ ዛሬ አብራችሁን ለመዋል የመጣችሁ ወንድሞቼ፣ እንኳን አብሮ አደረሰን።

አዘጋጆቹ «ምሳሌ ስለምትሆን አንዲት ሴት ተናገሪ» ሲሉኝ እቴጌ ጣይቱን እንደማነሳ ጠብቀው ነበር። ጣይቱን ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። እኔ የማነሳላችሁ ሊዛ ማዛ የምትባል፣ የፊሊፒንስ ምክር ቤት አባል የነበረች ሴት ናት። እዚህ ከተቀመጥነው መካከል ቤይሩት፣ ኩዌት፣ ጅዳ ወይ ዱባይ ያልሠራች ጥቂት ናት። እሑድ እሑድ ቤይሩት ዶራ ገበያ ላይ ከፊሊፒኖቹ ጋር ተጋፍተናል። ደሞዛቸው ከእኛ ሲበልጥ እያየን «እነሱ ምን ቢኖራቸው ነው?» ተባብለናል። እኔ ይህ ጥያቄ ከቤይሩት እስከ ቦሌ ተከትሎኝ መጥቷል።

አንድ ነገር ላጫውታችሁ። ቤይሩት በገባሁ በሁለተኛው ዓመት ነው። የምሠራው ሦስተኛ ፎቅ ነበር፤ ማዳም ስትወጣ በሩን ከውጭ ትቆልፍብኛለች። ከእኔ በላይ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ፊሊፒናዊት ነበረች። ፊት ለፊት ተገናኝተን አናውቅም፤ በረንዳ ለበረንዳ በተሰባበረ ዓረብኛ ነው የምናወራው። እዚያ ሰዉ ቅርጫት በገመድ ከበረንዳ እያወረደ ከሱቅ ዕቃ ሲያስመጣ አይታችኋል። እሷም በዚያ ቅርጫት ሩዝ ታወርድልኝ ነበር፤ ማዳም ምግብ እንደምትቆጥርብኝ ታውቃለች። አንድ ቀን ከንፈሬ አብጦ፣ ዓይኔ ሥር ጠቁሮ ልብስ ላሰጣ ስወጣ አየችኝ። አንድም ቃል ሳትናገር ወደ ውስጥ ገባች። ትንሽ ቆይቶ ቅርጫቱ ወረደ። ሩዙ እንደ ወትሮው በሳህን ነው፤ ከሳህኑ ሥር ግን በፌስታል የተጠቀለለች፣ ከመታጠፍ ብዛት የሳሳች ወረቀት አለች። የስልክ ቁጥር ተጽፎባታል። «የማን ነው?» አልኳት። «የእኛ ሰዎች» አለችኝ። «እኔ እኮ ፊሊፒኖ አይደለሁም» አልኳት። «ደውዪ ብቻ፤ ይሰሙሻል» አለችኝ።

ይሰሙሻል! እህቶቼ፣ ይህን ቃል ሰምታችሁት ታውቃላችሁ?

እኔ አገሬ ስገባ የሰማሁት ሌላ ነው። የሁለት ዓመት ደሞዜን ተከልክዬ፣ ግራ እጄ በትክክል ሳይታጠፍልኝ፣ ሊረዳኝ ይገባ ወደነበረ አንድ ቢሮ ሄድኩ። ወንበር ላይ የተቀመጠው ሰው ፋይሌን እንኳ ሳይገልጥ «ወደሽ አይደል የሄድሽው?» አለኝ። ከመካከላችሁ ይህን ያልተባለች እጇን ታውጣ! አያችሁ? አንዲት እጅ የለችም።

ሊዛ ማዛን የወደድኳት ለዚህ ነው። በፈረንጆቹ 2003 በፊሊፒንስ የወጣው ሰውን መነገድ የሚከለክለው ሕግ፣ ቁጥሩ 9208፣ ዋና አርቃቂዎቹ ውስጥ እሷ አለችበት። ሕጉ ተጎጂዋ ብትስማማም ባትስማማም፣ ብታውቅም ባታውቅም፣ አታሎ ወይም ችግሯን ተጠቅሞ የነገዳት ሰው ወንጀለኛ ነው ይላል። ልብ በሉ! ልጅቷ ፓስፖርቱ ላይ ፈርማለች፣ በእግሯ አውሮፕላን ላይ ወጥታለች፤ ይህ ለደላላው መከላከያ አይሆነውም። ሲርበኝ የፈረምኩት ፊርማ ለመደብደብ የሰጠሁት ፈቃድ አይደለም! ውሸት ተነግሮኝ የተሳፈርኩበት አውሮፕላን የደላላውን እጅ አያነጻም! እኛ አሥር ዓመት ስናለቅስበት የኖርነውን ነገር እነዚያ ሴቶች በሕግ አንቀጽ አስገብተውታል።

እንዴት አስገቡት? ማዛ በ1957 በላጉና ግዛት ሳን ፓብሎ በምትባል ከተማ ተወለደች። ዩኒቨርሲቲ የተማረችው ኢኮኖሚክስ ነው። ምክር ቤት ከመግባቷ በፊት የጋብሪየላ ዋና ጸሐፊ ነበረች። ጋብሪየላ በ1984 በአምባገነኑ ፕሬዚዳንት ማርኮስ አገዛዝ ጊዜ የተመሠረተ የሴት ማኅበራት ኅብረት ነው። ስሙ የተወሰደው ከጋብሪየላ ሲላንግ ነው፤ ባሏ ሲገደል የእሱን ጦር መርታ እስፓኞችን የተዋጋች፣ በ1763 የተሰቀለች ሴት ናት። ማዛ በ2001 ባያን ሙና በሚባል ፓርቲ ተመርጣ ገባች፤ በ2004 ደግሞ የጋብሪየላ ሴቶች በራሳቸው ፓርቲ ላኳት። እስከ 2010 ለሦስት የምርጫ ዘመን አገለገለች። የላኳት ሴቶች ከምክር ቤቱ በር ላይ አልጠፉም፤ ሰልፉም አልቆመም። ለዓመታት የጸናው የፊሊፒኖቹ የ400 ዶላር መነሻ ደሞዝም ከሰማይ የወረደ አልነበረም። በ1995 ፍሎር ኮንቴምፕላሲዮን የምትባል የቤት ሠራተኛ ሲንጋፖር ውስጥ ስትሰቀል አገሩ በሙሉ ተነሥቶ ነበር፤ መንግሥት የስደተኛ ሠራተኞችን ሕግ ያወጣው በዚያው ዓመት ነው።

በ2004፣ ልክ እንደ ዛሬው በማርች 8፣ በሴቶችና በልጆቻቸው ላይ የሚፈጸም ጥቃትን የሚከለክለው ሕግ ተፈረመ። ማዛ እሱንም ካረቀቁት አንዷ ናት። በዚያ ሕግ የተደበደበች ሴት ወደ ባራንጋይ፣ ማለትም ወደ እኛው ቀበሌ ዓይነት ጽሕፈት ቤት ትሄዳለች፤ ሹሙ በዚያው ቀን ባልየው እንዳይነካት የሚያግድ ትእዛዝ ይሰጣታል፤ ለ15 ቀን ይጸናል። ሠራተኛ ከሆነች ደሞዟ ሳይቆረጥ የ10 ቀን ፈቃድ አላት። ገንዘብ መከልከልም ጥቃት ተብሎ ተጽፏል። «የቤታችሁን ጉዳይ በሽማግሌ ጨርሱ» ተብላችሁ ከበር ለተመለሳችሁ ነው ይህን የማነብላችሁ!

ዋጋም ከፍላለች። በየካቲት 2006 ፕሬዚዳንት አሮዮ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲያውጁ ማዛና ጓዶቿ በአመፅ ተከሰሱ። አንዱ ባልደረባቸው ክሪስፒን ቤልትራን ተያዙ። እሷና ሌሎች አራት የምክር ቤት አባላት እንዳይያዙ ከሁለት ወር በላይ ምክር ቤቱ ሕንጻ ውስጥ አደሩ። የሕዝብ ተወካይ በሥራ ቦታዋ ፍራሽ ዘርግታ! በ2007 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ክሱን ጣለው። በ2018 ደግሞ በአሮጌ የግድያ ክስ የመያዣ ትእዛዝ ወጣባት፤ እሱም ውድቅ ሆነ።

የፍቺ ረቂቅም በ2005 አቅርባለች፤ አገሯ እስላም ላልሆኑት እስከ አሁን ፍቺ የላትም። ሕግ የጣሱ ልጆች የሚከሰሱበትን፣ ከ9 ዓመት በላይ የነበረውን ዕድሜ ከ15 በላይ ያደረገውን የ2006 ሕግም ደግፋለች። ለሴኔት ተወዳድራ አልተመረጠችም። ሰዓቴም እያለቀ ነው።

ባለፈው ወር ከኩዌት የተመለሰች አንዲት እህታችን ከኋላ ተቀምጣለች፤ እንዳትዞሩና እንዳታዩዋት እለምናችኋለሁ። ደላላዋን ልትከስ ሄዳ ያንኑ ቃል ሰምታ ተመልሳለች። ማክሰኞ ጠዋት በሦስት ሰዓት አብረናት እንሄዳለን። የቻላችሁ ሁሉ ነጠላችሁን ለብሳችሁ ኑ፤ መታወቂያችሁን እንዳትረሱ፣ ከበር ይጠይቃሉ። ሰውየው ያንን ጥያቄ ሲጠይቃት ሁላችንም ፊቱ ቆመን እንድንሰማው እፈልጋለሁ።