ማረሻውን እንፈልጋለን፣ ሠሪውን እንፈራለን

[ምስል፦ የዶለዶመ ማረሻ፣ ከጎኑ ወናፍ]

ይሄ ማረሻ ነው። ሲዶለድም ገበሬው ተሸክሞት ወደ ቀጥቃጩ ይሄዳል። ቀጥቃጩ ወናፉን ያናፋል፣ ብረቱ እስኪቀላ ይጠብቃል፣ በጉጠት ይዞ መስፉ ላይ ያሳርፍና መዶሻውን ያወርድበታል። ያለዚህ ሰው እርሻ የለም። እርሻ ከሌለ ደግሞ እንጀራ የለም።

ገበሬው ቤቱ ሲመለስ ልጁ ታሞ ቢያገኘው ግን መጀመሪያ የሚጠረጥረው ይህንኑ ሰው ነው። «ቡዳ በላው» ይባላል። ቀጥቃጩ ሌሊት ጅብ ይሆናል ተብሎም ይወራል። ልጁን በጭስ ያጥኑትና «ማን በላህ?» እያሉ ያስለፈልፉታል። «ምግቡን ሸፍነህ ብላ» እየተባለ ያደገ የዚህ ቪዲዮ ተመልካች ጥቂት አይመስለኝም። እኔም አንዱ ነኝ።

[ምስል፦ የጎንደርና አካባቢው ካርታ]

ወደ ኋላ እንሂድ። በ15ኛው መቶ ዘመን ዐፄ ይስሐቅ ቤተ እስራኤልን ድል ካደረጉ በኋላ፣ የተጠመቀ የአባቱን ርስት ይውረስ፣ ያልተጠመቀ ፈላሲ፣ ማለትም ርስት የሌለው ስደተኛ፣ ይሁን ብለው እንዳወጁ ይነገራል። ርስት የሌለው ሰው በምን ይደር? ብረት ቀጠቀጠ፣ ሸክላ ሠራ፣ ሸማ ሸመነ። ቡዳ የሚለው ስምም ተከተለው። የቡዳ እምነት ራሱ ከዚያ በፊትም ሊኖር ይችላል። በመሬት አልባው ላይ መለጠፉ ነው ነገሩ።

ሥነ ልቦናው እዚህ ጋ ይገባል። ጉልበቱን በርካሽ የምትወስድበትን ጎረቤት በየቀኑ እያየህ መኖር ይከብዳል። በልተኸው «በላኝ» ካልክ ግን እንቅልፍህን ትተኛለህ። እሱ ጅብ ከሆነ ደግሞ ምን ዕዳ አለብህ?

ጋብቻውንም እዩት። በጎንደርና በጎጃም ርስት በአባትም በእናትም ይወረስ ነበር። ቀጥቃጩ ልጅህን ካገባ የልጅ ልጅህ መጥቶ መሬት ይጠይቅ ነበር። ስለዚህ አጥንት ይቆጠራል። መሬት ለማግኘት የሚቆጠረው አጥንት፣ ሌላውን ከመሬት ለማስቀረትም ይቆጠራል።

[ምስል፦ የትንባሆ እርሻ፣ ቨርጂኒያ]

ዘዴው የኛ ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ ልማድ ልጅ የአባቱን ደረጃ ይከተል ነበር። የቨርጂኒያ ቅኝ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1662 ይህን ገልብጣ «የእናቱን ይከተል» አለች። ጌታው በባርነት ከያዛት ሴት የወለደው የገዛ ልጁ ንብረቱ ሆኖ ቀረ። የጥቁር ዘር ዝቅተኛ ነው የሚለው ስብከት ለዚህ ሒሳብ እንዴት እንደሚመች አስቡት። እዚያ በእናት፣ እኛ ጋ በሁለቱም። ዘር የሚቆጠረው ጥቅሙ ባለበት በኩል ነው።

[ምስል፦ ዐፄ ምኒልክ]

በ1900 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ብረት ሠሪውን ጠይብ፣ ሸማኔውን ቁጢት በጣሽ እያላችሁ አትስደቡ ብለው አዋጅ አስነገሩ። ጥሩ አዋጅ ነበር። ግን ስድቡን ከለከለ እንጂ ርስቱን አልነካም።

ርስቱ የተነካው በየካቲት 1967 ነው። ደርግ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት አደረገና፣ በጉልበቱ ማረስ ለሚፈልግ ሁሉ ይሰጠው አለ። አጥንት ተቆጥሮ መሬት መውረስ በሕግ አበቃ።

[ምስል፦ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌዎች፣ የሳሎን ሶፋ ላይ]

ይህ ቤት አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም ነው እንበል። ሽማግሌ ተልኳል። ልጁ ኢንጂነር ነው፣ ልጅቷ ባንክ ትሠራለች። የሚወረስ አንድ ጥማድ መሬት የለም። ቡናው እስኪቀርብ አንዱ አጎት ወደ ጎን ዘንበል ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይጠይቃል፦ «ለመሆኑ አጥንቱ ተጣርቷል?»