ስትተኛ የሚብስ ራስ ምታት

[አራስ ቤት፣ ጠዋት]

ገንፎው ቀርቧል፤ ጠያቂውም ገብቷል። አራሷ ግን ግንባሯን በሻሽ ጥፍር አድርጋ አስራ ዓይኗን ጨፍናለች። አንዷ «ምች ነው» ትላለች። ሌላዋ «ብርድ ገብቷት ነው» ትላለች። ሦስተኛዋ ደግሞ «በኦፕራሲዮን ስትወልድ ጀርባዋ ላይ የወጓት መርፌ ነው» ባይ ናት።

ሦስተኛዋ ልክ ልትሆን ትችላለች። የጀርባ ማደንዘዣ ራስ ምታት ያመጣል። የሱ ጠባይ ግን ይታወቃል፦ ቁጭ ስትል ይነሳል፣ ጋደም ስትል ይቀላል። የዛሬው ጉዳያችን የአንጎል ደም መላሽ ሥር በረጋ ደም ሲዘጋ የሚመጣው ራስ ምታት ነው፤ ጠባዩም ብዙ ጊዜ ተቃራኒው ነው። ስትተኛ ይብሳል፣ ጠዋት ይከብዳል፣ ስታስል ይጨምራል። ሁሌ እንዲህ ነው ማለት አይደለም። ግን መጠየቁ ገንዘብ አያስወጣም፤ ይጠየቅ።

[የአንጎል ሥዕል፤ ደም መላሾቹ በሰማያዊ]

ደም ወደ አንጎል የሚገባው በደም ቅዳ፣ የሚወጣው በደም መላሽ ነው። ብዙ ሰው የሚያውቀው ስትሮክ መግቢያው ሲዘጋ የሚመጣው ነው። እዚህ ደም ረግቶ የዘጋው መውጫውን ነው። የዕቃ ማጠቢያ ሲንክ አስቡ። ቧንቧው ይፈሳል፣ መውረጃው ተደፍኗል። ውኃው የት ይሂድ? የራስ ቅል ደግሞ አጥንት ነው፤ አይለጠጥም። ግፊቱ ይጨምራል፣ አንጎል ያብጣል፣ አንዳንዴም ትንንሾቹ ሥሮች ይደማሉ።

ለምን አራስ ላይ? በወሊድ ብዙ ደም እንዳይፈስ ሰውነት ደሙን ቶሎ እንዲረጋ ያደርገዋል። ይህ ወደ ቦታው እስኪመለስ 6 ሳምንት ያህል ይፈጃል። ኤስትሮጅን ያለበት የወሊድ መከላከያ እንክብልና ቸል የተባለ የጆሮ ኢንፌክሽንም ያመጡታል። ወንዶችንም ይይዛል፤ ሴቶቹ ግን ሦስት እጥፍ ያህል ናቸው።

[የሲቲ ስካን ክፍል]

አሁን ወደሚያናድደው ክፍል። ተራው ሲቲ ስካን ንጹህ ሊመስል ይችላል። ቤተሰብ ተበድሮ ከፍሎ «ምንም የለባትም» ተብሎ ይመለሳል። የሚፈለገው ደም መላሾቹን ለይቶ የሚያሳይ ምርመራ ነው፦ በደም ሥር ቀለም ተሰጥቶ የሚነሳ ሲቲ ወይም ኤምአርአይ። ሐኪሙ ይህን የሚያዘው ከጠረጠረ ነው። ስለዚህ «ከወለደች 3 ሳምንቷ ነው፤ ስትተኛ ይብስባታል» በሉት። ዓይኗ ብዥ ካለባት፣ ራሷን ስታ ካንቀጠቀጣት ወይም አንድ ጎኗ ከደከመ ግን በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው። ለነገ አይባልም።

ሕክምናው ሲሰሙት ግራ ያጋባል። ደም ማቅጠኛ ነው፤ መጀመሪያ ሄፓሪን የሚባል መርፌ። አንጎሏ ውስጥ ደም ፈስሶ እንኳ ቢሆን! ቤተሰብ «እየደማች ደሟን ታቀጥናላችሁ?» ብሎ ቢቆጣ አይፈረድበትም። ሐኪሞችም ሲፈሩት ኖረዋል። በ1991 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የጀርመን ጥናት የያዘው 20 ሕሙማንን ብቻ ነበር። ሄፓሪን ከወሰዱት 10 ሰዎች ማንም አልሞተም፤ ካልወሰዱት 10 ግን 3ቱ ሞቱ። ነገሩ ያው ሲንኩ ነው። መድማቱን ያመጣው መደፈኑ ነው። መውረጃው ሳይከፈት ወለሉን ቢወለውሉት ምን ዋጋ አለው? ሄፓሪን የረጋውን ደም ራሱ አያሟሟውም። እንዳያድግ ይይዘዋል፤ የቀረውን ሰውነት ይሠራዋል።

[ገበታ፤ ጎመን በእንጀራ]

ከዚያ ከ3 እስከ 12 ወር የሚዋጥ መድኃኒት ይከተላል። ብዙ ጊዜ ዋርፋሪን ነው። ጡት ማጥባት አይከለክልም። አይኤንአር የሚባል የደም ምርመራ በየጊዜው ይታያል፤ ውጤቱ ከ2 እስከ 3 መሆን አለበት።

ጎመን ላይ ትንሽ እንቆይ። ቫይታሚን ኬ ስላለው የዋርፋሪንን ኃይል ይቀንሳል። ክልክል ነው ማለት ግን አይደለም። ችግሩ በፍስክ ሳይነኩት ከርሞ ጾም ሲገባ በየቀኑ መብላቱ ነው። መጠኑ አይዋዥቅ፤ ጾም ሲገባም ሐኪሙ ይወቅ።

ሌላ ልጅ ካሰበች ቀድማ ትናገር፤ ዋርፋሪን ጽንስ ስለሚጎዳ በሄፓሪን ይተካል። እስከዚያው ኤስትሮጅን ያለበት እንክብል ይቅርባት። ሉፕ ይሁን ሌላ፣ ከሐኪሟ ጋር ትምረጥ።