ስሙን ሳናይ እንቅመሰው

እንደምን አመሻችሁ፣ እንኳን በደህና መጣችሁ። ዛሬ ከጠበቅነው በላይ ሆነናል፣ እዛ ጥግ ያላችሁ ጠጋ ጠጋ በሉ ድምፅ እንዲሰማችሁ። ጋሼ፣ እርሶ እዚህ ፊት ይምጡ፣ ወንበር ይዤልዎታለሁ። ከባልቲሞር ድረስ የመጣችሁ አላችሁ፣ እግዜር ይስጥልን፣ ይሄ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በአራት ሰው የጀመርነው የቢራ ቅምሻ እዚህ መድረሱ ደስ ይላል፣ በጣም ደስ ይላል።

ቢራው ከመከፈቱ በፊት ትንሽ ተናገር ስላላችሁኝ ጽፌ ነው የመጣሁት። ጠረጴዛው ላይ እንደምታዩት 6 ዓይነት ቢራ አለ፣ ሁሉም በወረቀት ከረጢት ተሸፍኗል፣ ከ1 እስከ 6 ቁጥር ብቻ ነው ያለበት። የትኛው ምን እንደሆነ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፣ ስለዚህ ዛሬ እኔ ነጥብ አልሰጥም፣ እቀዳለሁ እንጂ።

ለምን ተሸፈነ? ባለፈው ወር የሆነውን ታስታውሳላችሁ። የጀርመኑን የስንዴ ቢራ ቀዳን፣ ገና ግማሹ ሰው ብርጭቆውን ሳያነሳ አንድ ልጅ «ሙዝ ሙዝ ይላል» አለ፣ በቃ፣ ወረቀቶቹን ስሰበስብ ሁሉም ሙዝ ነው የሚለው። ሙዝ የለም እያልኩ አይደለም፣ አለ፣ እርሾው ሲያፈላው አይሶአሚል አሲቴት የሚባል ነገር ያወጣል፣ ሙዝን ሙዝ ሙዝ የሚያሰኘውም ያው እሱ ነው፣ ቢራው ውስጥ ግን አንድም ሙዝ አልገባም። ግን እኮ እዛው ብርጭቆ ውስጥ ቅርንፉድ ነበረ! ጥርት ያለ ቅርንፉድ፣ እሱንም የሚያመጣው ያው እርሾው ነው። ቅርንፉድ ብሎ የጻፈው አንድ ሰው ብቻ ነው። እኛ ሻይ በቅርንፉድና በቀረፋ ሲፈላ ያደግን ሰዎች ቅርንፉድ አጠገባችን ተቀምጦ አላየነውም፣ ለምን፣ ሙዝ የሚለው ቃል ቀድሞ ጆሯችን ገብቶ አፍንጫችን ሌላ ነገር መፈለግ ስላቆመ።

ስለዚህ ዛሬ ሁለት ነገር እለምናችኋለሁ። አንደኛ እያንዳንዱ ቢራ ሲቀዳ ለ5 ደቂቃ ማንም ማንንም አያናግርም፣ «እምም» ማለትም ክልክል ነው፣ ፊትም አናይ። ሁለተኛ ወረቀቱ ላይ የምትጽፉት በአማርኛ ይሁን።

ሁለተኛውን ስል ፊታችሁ ላይ ጥያቄ አየሁ፣ እሺ፣ ላስረዳ።

እኛ ክራፍት ቢራ፣ ትንንሽ ጠማቂዎች የሚሠሩትን ቢራ ማለቴ ነው፣ የተማርነው እዚህ አገር ነው፣ ከነቃላቱ። ሲትረሲ፣ ፓይኒ፣ ሮስቲ፣ ፈንኪ እንላለን፣ ሲጠይቁን ፈንኪ ምን ማለት ነው ሲሉን ዝም። ቃሉን ተዋስነው እንጂ አፋችን ላይ ያለው ነገር አይደለም። አፋችንማ ከዚህ በፊት ተምሯል፣ ቢያንስ የኔ ተምሯል፣ ያስተማረችኝ ደግሞ አክስቴ ነች።

አክስቴ ጠላ ትጠምቅ ነበር፣ ለሽያጭ ሳይሆን ለማኅበር፣ ለዝክር፣ ለፋሲካ። ጋኑን በግራዋ ቅጠል ፍትግ አድርጋ ታጥበዋለች፣ ከዛ ወይራ አጭሳ አፉን ፍሙ ላይ ደፍታ ታጥነዋለች፣ ጢሱ በደንብ እስኪገባው። ከዛ ነው ጥንስሱ፣ ከዛ ድፍድፉ፣ ከዛ ቀኑ ሲደርስ መቅመስ። እና ስትቀምስ እንዴት ነበር መሰላችሁ፣ በጣሳ ትንሽ ትቀዳና መጀመሪያ ታሸተዋለች፣ ከዛ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ አንዴ ፉት፣ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ ዝም። እኛ ልጆቹ አፍ አፏን እያየን እንጠብቃለን። ከዛ ትናገራለች። «ጌሾው ቀድሞታል።» «ገና ጉሽ ነው ይቆይ።» «ቀጥኗል።» «ጢሱ ጠፍቷል፣ ጋኑ በደንብ አልታጠነም።» አንድም ጊዜ «ጥሩ ነው» ብላ ብቻ ስታልፍ አልሰማሁም፣ ጥሩ የሆነበትን ትናገራለች፣ ያጎደለውንም ትናገራለች፣ ምክንያቱም የሚቀጥለው ጊዜ ማስተካከል አለባት።

እስቲ ቃላቱን ቁጠሯቸው። መረረ፣ ጎመዘዘ፣ ኮመጠጠ፣ ሆመጠጠ፣ ጎፈነነ፣ ቀጠነ፣ ወፈረ፣ ሻገተ፣ ከረፋ፣ ቃና፣ ለዛ፣ ጠረን። የኮመጠጠና የሆመጠጠ አንድ አይደለም፣ የመረረና የጎመዘዘ አንድ አይደለም፣ ይሄንን ልዩነት እኮ አፋችን ያውቀዋል። ጣፋጭነቱ በዝቶ ልብ የሚያፍን ቢራ ሲገጥመን በእንግሊዝኛ ሦስት ዓረፍተ ነገር እናወራለን፣ በአማርኛ ጎፈነነኝ ነው፣ አለቀ።

ሄዚ አይፒኤ የምንለው፣ ያ ቨርሞንት አካባቢ ተጀምሮ አገሩን ያጥለቀለቀው ብርቱካን ጭማቂ የሚመስለው ቢራ፣ ጉሽ ነው እኮ። ሳይጠራ የሚጠጣ። ጉሽ የሚወድ አለ፣ የጠራ የሚወድ አለ፣ እኔ በግሌ ሄዚው ላይ መራራው ስለሚጠፋብኝ ብዙም አልሄድበትም፣ ግን ጉሽ ብዬ ሳስበው ቢያንስ ምን እየጠጣሁ እንደሆነ ይገባኛል።

ስለ መራራው ካነሳሁ ሆፕስ ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም የክራፍት ቢራ ግማሹ ታሪክ እሱ ነው። ሆፕስ ለቢራ ጌሾ ለጠላ የሆነውን ነው፣ ሌላ ዕፅዋት ነው ዘሩም አይገናኝም ግን ሥራው ያው ነው፣ የብቅሉን ጣፋጭነት በምሬት ይይዘዋል፣ እንዳይበላሽም ይጠብቀዋል። ቁም ነገሩ መቼ ገባ የሚለው ነው፣ መፍላት ሲጀምር የገባ ሆፕስ ምሬት ይሰጣል ሽታው ግን በእንፋሎቱ ይሄዳል፣ ሊወርድ ሲል የገባ ወይ ከቀዘቀዘ በኋላ የተጨመረ ሽታ ይሰጣል ምሬቱ ግን ትንሽ ነው። ስለዚህ አንድ ቢራ አፍንጫ ላይ እንደ አበባ ሆኖ ምላስ ላይ ለስላሳ ከሆነ፣ ሌላው ደግሞ አፍንጫ ላይ ዝም ብሎ ስትውጡት ጉሮሮ ላይ ከያዘ፣ ጠማቂው ምን እንዳደረገ ከብርጭቆው ታነባላችሁ። ሴራ ኔቫዳ የሚባለው ጠማቂ በ1980 ካሊፎርኒያ ቺኮ ከተማ ላይ ፔል ኤል የሚባለውን ቢራ ሲጠምቅ የተጠቀመው ካስኬድ የሚባለውን ሆፕስ ነው፣ ሁሉም ሰው «ግሬፕፍሩት ይላል» ይለዋል። እኔ መጀመሪያ ሳሸተው የመጣብኝ ግሬፕፍሩት አልነበረም፣ የትርንጎ ልጣጭ ነው፣ በጥፍር ስትጭሩት እጅ ላይ የሚቀረው። ሌላ ሆፕስ ደግሞ ጠጅ ሳር ይመስላል፣ ሌላው በሶብላ፣ ሌላው ገና የተቆረጠ ጥድ። እነዚህን ሽታዎች ከማንም አልተዋስናቸውም።

አሁን ጋሼን ላነሳ ነው፣ ይቅርታ ጋሼ አስፈቅጄዎት ነበር። ጋሼ እንደምታውቁት ስንቀምስ ብዙ አይናገሩም፣ ይጠጣሉ፣ ወረቀታቸው ባዶ ነው፣ ያከብሩናል ብቻ። ክረምት ላይ፣ ያ በረዶ የነበረ ቀን፣ ከጀርመን ባምበርግ የመጣውን የሽሌንከርላ ቢራ ቀመስን። የጢስ ቢራ ነው፣ ብቅሉን በቢች እንጨት እሳት ላይ ነው የሚያደርቁት፣ ጢሱ ብቅሉ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። ድሮ አውሮፓ ውስጥ ብቅል በእሳት ስለሚደርቅ ብዙ ቢራ ጢስ ጢስ ይል ነበር፣ ጢስ የማይነካው ማድረቂያ ሲመጣ ሌላው ተወው፣ ባምበርግ ግን ያዘው። እና ያን ቀን እኛ ስንጮህ ነበር፣ አንዱ ቤከን ነው ይላል፣ አንዱ ባርቤኪው፣ አንዷ የተቃጠለ ፕላስቲክ ነው ብላ ጭራሽ አስቀመጠችው። ጋሼ ብርጭቆውን ይዘው ቆዩ፣ አሸተቱት፣ መልሰው አሸተቱት፣ ከዛ ቀስ ብለው «ይሄ የታጠነ ጋን ነው» አሉ።

ቤቱ ዝም አለ። ሁላችንም መልሰን አሸተትን፣ እና ነበር። ቤከን ብለው ያሳቁን ሰዎች ሁሉ አገኙት። ጋሼ እንዲህ አሉ፣ እኛ ጋር ጢሱ ያለው ዕቃው ላይ ነው እዚህ ግን እህሉ ላይ ነው፣ ለዛ ነው ይሄኛው የከበደው። ይሄ ስለዛ ቢራ እስካሁን ከሰማሁት ሁሉ ትክክለኛው ነገር ነው፣ ብዙ ግምገማ አንብቤያለሁ፣ እንዲህ አድርጎ ለይቶ የነገረኝ የለም። 40 ዓመት እዚህ አገር የኖረ ሰው፣ አንድ ጉንጭ ቢራ እናታቸው ጓዳ መለሳቸው፣ ያን ቀን ወረቀታቸው ላይ የጻፉትን አስቀምጬዋለሁ።

ከዛ ቀን በኋላ ነው ነገሩ የተገለጠልኝ። ስታውት የሚባለውን ጥቁር ቢራ ስንጠጣ ኮፊ፣ ቸኮሌት እንላለን፣ ጥቁርነቱ የሚመጣው ግን በደንብ ከተቆላ ገብስ ነው፣ የተቆላ ገብስ ደግሞ እኛ ጋር አሻሮ አለ፣ ቆሎ አለ። አሻሮው ትንሽ ሲያርር ያለው ሽታና ቡና ሲቆላ ጢሱ ሲዞር ያለው ሽታ አንድ አይደለም፣ ስታውት ስትቀምሱ የትኛው እንደሆነ ጻፉልኝ። ብራስልስ ካንቲዮን የሚባለው ጠማቂ ቤት የሚሠሩትን ላምቢክ የሚባል ቢራ ደግሞ እርሾ ሳይጨምሩ ነው የሚጠምቁት፣ የፈላውን ጥልቀት በሌለው ሰፊ ዕቃ ላይ ክፍት አድርገው ያሳድሩታል፣ ከአየሩና ከቤቱ የሚመጣው ያቦካዋል፣ ከዛ በበርሜል ዓመታት ይቀመጣል። ይሄን ለኛ ሰው ማስረዳት ይከብዳል እንዴ? የእንጀራ እርሾ እየተቀባበለ ላደገ ቤት? ፈንኪ ከምትሉኝ ሦስት ቀን ያደረ የሊጥ ውሃ በሉኝ፣ ወይ የኮርቻ ላብ በሉኝ፣ ገጠር ያደጋችሁ ታውቁታላችሁ።

ይሄን ሁሉ ስል የዚህን አገር ሰው ልፋት አሳንሼ አይደለም። እዚህ ቤት ውስጥ ቢራ መጥመቅ በፌዴራል ሕግ የተፈቀደው ፕሬዚዳንት ካርተር በ1978 ፈርመው ነው፣ ያኔ በመላው አሜሪካ የነበረው የቢራ ጠማቂ ድርጅት ከ100 በታች ነበር፣ አሁን ከ9,000 በላይ ነው፣ አብዛኛው ደግሞ ከጓዳና ከጋራዥ የተነሳ ሰው ነው። ጓዳ ውስጥ መጥመቅ ለእናቶቻችን ፈቃድ የሚያስጠይቅ ነገር አልነበረም፣ ለዛ ይሆናል እኔ እነዚህን ሰዎች የምወዳቸው።

አንድ ነገር ደግሞ ስለ ቀን። የጣሳውን ቂጥ እዩ ባካችሁ። መጋቢት ላይ ከአንድ ሱቅ ያመጣሁት አይፒኤ፣ ሆፕስ የሚበዛበት ቢራ ነው፣ ዋጋው ውድ፣ ሥዕሉ የሚያምር፣ ከፍተን ስንቀምሰው እርጥብ ካርቶን። ሽታ የለው ምን የለው፣ ጎፍንኖ ቁጭ። ጣሳውን ገልብጬ ሳየው ከታሸገ 7 ወሩ፣ እሱንም ፍሪጅ ውስጥ ሳይሆን መስኮት ሥር ነው ያቆዩት። የሆፕስ ሽታ በሁለት ሦስት ወር ውስጥ ነው የሚያምረው፣ ከዛ ይሞታል፣ አየርና ሙቀት ነው የሚገድለው። እና እዛ ቀን ጠማቂውን ወቀስነው፣ ስሙን ጠርተን ወቀስነው፣ ጥፋቱ የሱ አልነበረም። ከወር በኋላ ያንኑ ቢራ ትኩሱን አገኘሁትና ምን ያህል እንደበደልነው ገባኝ። ዛሬ ያሉት 6ቱም ቀናቸውን አይቼ ነው የገዛሁት፣ ሲመጡም በበረዶ ነው የመጡት።

በቃ ወደ ሥራ። የምቀዳላችሁ 2 አውንስ 2 አውንስ ነው፣ 6ቱ ሲደመር የአንድ ጣሳ ያህል ነው፣ ግን ቁጥር 6 አልኮሉ ከ10 ፐርሰንት በላይ ስለሆነ መኪና የያዛችሁ እሱን አሽትታችሁ ብትተዉት ደስ ይለኛል፣ ጓደኛችሁ ይቅመስላችሁ። ከቀላሉ ወደ ከባዱ ነው የምንሄደው። ቢራ እንደ ወይን አይተፋም፣ ምሬቱ የሚጨርሰው ጉሮሮ ላይ ስለሆነ ትንሿን ዋጧት። ብርጭቆዎቹን በሙቅ ውሃ ብቻ ነው ያለቀለቅናቸው፣ ሳሙና አረፋውን ይገድለዋል። በመሀል ውሃና ደረቅ ዳቦ አለ፣ ክትፎውና አይቡ ኩሽና ውስጥ ነው፣ ቁጥር 6 ሳያልቅ አይወጣም፣ ሚጥሚጣ አንዴ ምላስ ላይ ካረፈ ሌላ ነገር አይሰማም።

ነጥብ መስጠት የምትፈልጉ የቢራ ውድድር ዳኞች የሚሞሉትን የ50 ነጥብ ወረቀት አባዝቼዋለሁ፣ ሽታ 12፣ መልክ 3፣ ጣዕም 20፣ አፍ ውስጥ ያለው ስሜት 5፣ አጠቃላይ 10። ግን ቁጥሩን መጨረሻ ላይ ጻፉት፣ መጀመሪያ ቃሉን። ቃል ካልመጣላችሁ ቦታ ጻፉ፣ የአያቴ ጓዳ፣ የመርካቶ ቅመም ተራ፣ የዘነበበት ግቢ፣ እሱም ይሆናል።

ጋሼ፣ ከፈቀዱ የመጀመሪያውን ለእርሶ ልቅዳ። ቁጥር 1 ነው። ሰዓት ያዙልኝ፣ 5 ደቂቃ፣ ከአሁን ጀምሮ ዝም።