በአንድ ትንፋሽ እስከ የት ትደርሳለህ?

እንዴት ሰነበታችሁ። መብራት ስላለ ቶሎ ልቅዳው ብዬ ነው እንጂ ዛሬ ድምፄም ደህና አይደለም፣ ውሻ ሲጮህ ከሰማችሁ የጎረቤት ነው፣ ፍኖተ ሰላም ማታ ማታ እንዲህ ናት በቃ።

አዲስ ለገባችሁ፣ ነርስ ነኝ። ባለፈው ኤፒሶድ ስለ ወንድምሽ በሽታ አውሪልን ያላችሁኝ ነበራችሁ፣ ጊላን ባሬ ይባላል፣ የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ የራስን ነርቭ የሚያጠቃበት በሽታ ነው፣ እኔ ደግሞ ስሸሸው ከረምኩ፣ ምክንያቱም ታሪኩ ውስጥ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ እስካሁን አስር ጊዜ አውርቼው ነበር አይደል?

ያኔ ታናሽ ወንድሜ 24 አመቱ ነው፣ ደምበጫ ገጠር እናትና አባቴ ጋር ይኖራል። ከጥምቀት በኋላ የአክስታችን ልጅ ሰርግ ነበር፣ ሚዜ ሆኖ ሦስት ቀን ሲጨፍር ከረመ፣ ከዛ ሆዱን ያዘውና ተቅማጥ በተቅማጥ ሆነ፣ እሱ ብቻ አይደለም ግማሹ ሰርገኛ ነው የታመመው፣ ውሃው ይሁን ወተቱ ማን ያውቃል። ዳነ። ረሳነው። አስር ቀን ያህል ቆይቶ ደወለና "እታለም፣ እግሬን ጉንዳን የወረረኝ ይመስለኛል፣ ወገቤንም ያመኛል" አለኝ። እኔ ምን አልኩ? "ስትዘል ከርመህ፣ ውቂያውም አለ፣ ምን ይደረግ" ብዬ ሳቅኩ።

በማግስቱ እኔ ቤት መጣ። ከባጃጅ ወርዶ ወደ በረንዳው ሲመጣ የባጃጁ ልጅ "ወንድም ሸበጥህን!" ብሎ ጮኸ፣ ዞር ስል አንዱ ሸበጥ ባጃጁ ውስጥ ቀርቷል። ባዶ እግሩን አፈር ላይ ቆሟል እንጂ መውለቁን አላወቀም። ይቺን ነገር አሁንም ሳስባት ያመኛል፣ ምክንያቱም አይቻታለሁ፣ ከዛ ደረጃዋን ግድግዳ ይዞ ሲወጣም አይቻለሁ፣ ግን ያየሁትን አላነበብኩትም። ዲክሎፌናክ የሚባል የህመም ማስታገሻ ሰጠሁትና ቢ ኮምፕሌክስ ቫይታሚን ራሴ ወጋሁት። በራሴ እጅ።

ይሄው ልጅ 24 ሳይሆን 14 አመቱ ቢሆን ኖሮ ምን እንደማደርግ አውቀው ነበር። ከ15 አመት በታች የሆነ ልጅ እግሩ ወይ እጁ በድንገት ከዛለ በፖሊዮ ቅኝት ምክንያት የዛኑ ቀን ሪፖርት ይደረጋል፣ በ14 ቀን ውስጥ ሁለት የሰገራ ናሙና ቢያንስ በ24 ሰአት ልዩነት ይወሰዳል፣ ይሄ እኛ ጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፣ በእንቅልፌም እነግራችኋለሁ። እና ፖሊዮ በጠፋበት አገር እንዲህ ልጅን ድንገት የሚያዝለው በሽታ ማን ነው ብትሉ ከዋነኞቹ አንዱ ወንድሜን የያዘው ራሱ ነው፣ ጊላን ባሬ። ልጅ ሲሆን ስልክ እናነሳለን፣ ጎልማሳ ሲሆን ቢ ኮምፕሌክስ። አእምሮዬ ውስጥ ያለው ደወል ለካ እድሜ ነበረው።

ሌሊት ላይ ከሽንት ቤት ጠራኝ። ቁጢጥ ካለበት መነሳት አቃተው። ብብቱን ይዤ ሳነሳው ሁለቱም ጉልበቱ እኩል ነው የሚከዳው፣ የግራው ከቀኙ አይሻልም፣ እና እዛው ጨለማ ውስጥ ሆኜ "ቆይ፣ ትናንት እግር ጣቱ ነበር፣ ዛሬ ጉልበቱና ጭኑ፣ ነገስ?" አልኩ። ሲነጋ እንጀራ መቁረስ አቃተው።

ጠዋት አብሮኝ የሚሰራ ኤች ኦ (ጤና መኮንን) ጉልበቱን በምርመራ መዶሻ መታው፣ ጤነኛ ጉልበት ሲመታ እግር በራሱ ብድግ ይላል። ምንም። እንደገና መታው፣ ቁርጭምጭሚቱንም፣ ምንም አይነቃነቅም። እንጨት የመምታት ያህል ነው። ያኔ ነው የሁለታችንም ፊት የተቀየረው። ከሁለቱም ጎን እኩል የሚወጣ ድክመት፣ ከታች ወደ ላይ፣ በቀናት ውስጥ፣ መዶሻ ሲመታ የማይመልስ ጉልበት፣ ከሱ በፊት ደግሞ ተቅማጥ ወይ ጉንፋን፣ ይሄ ሲገጣጠም ሌላ እስኪረጋገጥ ድረስ ጊላን ባሬ ነው ብላችሁ ሩጡ። (መጀመሪያ ላይ ጉልበቱ ለመዶሻው ሊመልስ ይችላል፣ እሱ አያዘናጋችሁ።)

አባቴ በስልክ "ጓያ በልቶ ይሆን እንዴ?" አለኝ። አትሳቁበት፣ በኛ አገር ጓያ የሰበረው ሰው ያላየ የለም፣ ጥያቄው የአዋቂ ጥያቄ ነው። ግን ጓያ የሰበረው ሰው እግሩ ይገተራል፣ ሲራመድ ጉልበቱ እየተጠላለፈ በጣቱ ነው የሚሄደው፣ መዶሻ ስትመቱት እግሩ ከልኩ በላይ ይፈናጠራል፣ እሱም ጓያ ለረጅም ጊዜ ዋና ምግቡ የሆነ ሰው ላይ ነው የሚመጣው። የወንድሜ እግር ግን እርጥብ ጨርቅ ነበር። እግር የሚያዝል ሌላም አለ፣ የአከርካሪ ቲቢም አለ፣ ደም ውስጥ የፖታሲየም መውረድም አለ፣ ሽንትና ሰገራ ገና ከመጀመሪያው ከተያዘ ወይም ከዚህ መስመር በታች አይሰማኝም ካለ ህብለ ሰረሰሩ እንዳይሆን ቶሎ መታየት አለበት። እማዬ ደግሞ ጸበል አለች፣ እኔም እሺ አልኩ፣ ጸበሉ በጀሪካን አብሮን አምቡላንስ ውስጥ ገባ። በዚህ አልጣላም።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ልምጣ። ሰው ሁሉ የሚያየው እግሩን ነው። ደገፍ አርጉት፣ እሹት፣ ቅባት አምጡ። እኔም እግሩን ነው ያየሁት። የሚገድለው ግን እግር አይደለም፣ ድክመቱ ወደ ላይ ወጥቶ የመተንፈሻ ጡንቻውን ሲይዝ ነው። ከመቶ ታማሚ ከ20 እስከ 30 የሚሆነው የመተንፈሻ ማሽን ይፈልጋል። በሽታው ደግሞ አብዛኛው ሰው ላይ በሁለት ሳምንት፣ ቢዘገይ በአራት ሳምንት ነው ጫፍ የሚደርሰው፣ ስለዚህ ዛሬ እየሄደ የመጣ ሰው ነገ የት እንደሚሆን አታውቁም።

መጽሐፉ ላይ በሙሉ ትንፋሽ የሚወጣው አየር ይለካ ይላል፣ በኪሎ ከ20 ሚሊ ሊትር ሲወርድ አስጊ ነው፣ የኛ ልጅ 55 ኪሎ ስለነበረ 1.1 ሊትር መሆኑ ነው። መለኪያው የት አለና? ሌላው መንገድ በደንብ ስቦ በአንድ ትንፋሽ ድምፅ አውጥቶ መቁጠር ነው፣ በሰከንድ ሁለት ያህል፣ ጤነኛ ሰው ወደ 50 ይጠጋል፣ ወደ 20 ሲወርድ አደጋ ነው። እኔ አምቡላንስ ውስጥ ቁጠር ስለው "እታለም ትምህርት ቤት አረግሽው" ብሎ ሳቀ፣ ሲስቅ አፉ በአንድ በኩል ቀርቷል፣ አይኑም አይከደንም። ልጅ ሆኖ ቄስ ትምህርት ቤት ስለነበረ "እሺ ፊደል ቁጠርልኝ" አልኩት። ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ ሆ። አንዱ መስመር ሰባት ነው፣ ለሂሳብ ይመቻል። ይሄ የኔ ፈጠራ ነው፣ መጽሐፍ ላይ ፈልጋችሁ አታጡብኝ።

ቡሬን አልፈን የ"ረ"ን መስመር ጨረሰ፣ 42። ባህር ዳር አድረን ጠዋት "መ" ላይ ቆመ፣ 28። ማታ ላይ "ሐ"ን ሳይጨርስ ትንፋሹ አለቀ፣ 19። ጣቱ ላይ ያለው የኦክስጅን መለኪያ ግን 97 ይላል! ማሽኑ ደህና ነው ይላል፣ ፊደሉ እያለቀ ነው። የኦክስጅን ቁጥር እዚህ በሽታ ላይ መጨረሻ ላይ ነው የሚወድቀው፣ እሱን የጠበቀ ሰው ዘግይቷል። ደግሞ ራሱን ከትራስ ማንሳት አቅቶት ነበር፣ አንገት ሲደክም ትንፋሽም አብሮ እየደከመ ነው። ተረኛዋ ሐኪም ልጅ ናት፣ ከኔም ታንሳለች፣ የፊደሉን ወሬ ስነግራት አልሳቀችም፣ "ሳይጨነቅ እናስገባው" ብላ ሌሊቱን አይሲዩ፣ የጽኑ ህሙማን ክፍል፣ አስገባችው። ሲነጋጋ የመተንፈሻ ቱቦ ገባለት። በድንጋጤ ሳይሆን ተዘጋጅተው።

የጀርባ ፈሳሽ ሲወሰድ እማዬ "ልጄን ሽባ ሊያደርጉት ነው" ብላ አለቀሰች፣ ይሄ ፍርሃት በየቤቱ አለ፣ እኔ እጇን ይዤ ቆምኩ። ውጤቱ ኖርማል መጣ። በዚህ በሽታ ፈሳሹ ውስጥ ፕሮቲን ከፍ ይላል ነጭ የደም ህዋስ ግን አይጨምርም፣ እንደ ፈረንጅ በ1916 ጊላን፣ ባሬ እና ስትሮል የሚባሉ ሐኪሞች ሁለት ወታደሮች ላይ ያስተዋሉት ይሄንኑ ነው (የሦስተኛው ስም ለምን ከበሽታው ስም እንደቀረ እንጃ፣ አሳዘነኝ)፣ ግን በመጀመሪያው ሳምንት ፕሮቲኑ ላይጨምር ይችላል። ኖርማል ነው ተብሎ ህክምና አይቆምም፣ አላቆሙምም።

ከየት መጣ ለምትሉ፣ ተቅማጡን ያመጣው ጀርም፣ ብዙ ጊዜ ካምፒሎባክተር የሚባለው፣ ልብሱ ከነርቫችን ልባስ ጋር ይመሳሰላል። ጅብ ሊያባርር የወጣ ውሻ በጨለማ የጌታውን ጥጃ ሲነክስ አስቡት። ውሻው አልከፋም፣ ተሳሳተ። ሰውነቱ ጀርሙን ሊያጠፋ የሰራው መሳሪያ ነርቩ ላይ ዞረ።

መድሃኒቱ ሁለት ነው፣ ወይ ኢሚውኖግሎቡሊን (ከጤነኛ ሰዎች ደም የሚወሰድ የመከላከያ ፕሮቲን) በደም ስር ወይ የደሙን ፈሳሽ ክፍል፣ ፕላዝማውን፣ ማጣራት፣ አንዱ ከሌላው አይበልጥም፣ ያለው ይሰጣል። ኢሚውኖግሎቡሊኑ በኪሎ በጠቅላላው 2 ግራም ለ5 ቀን ተከፋፍሎ ነው፣ 55 ኪሎ ላለው 110 ግራም፣ ጠርሙሷ 5 ግራም ብትይዝ 22 ጠርሙስ። አባቴ በሬውንም ባህር ዛፉንም ሸጠ። መድሃኒቱ ከአዲስ አበባ በበረዶ ሳጥን መጣ፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መሆን አለበት፣ አጎቴ አባይ በረሃን ሳጥኑን ጭኑ ላይ አቅፎ ነው የተሻገረው፣ ደጀን ላይ ሲደርስ ደውሎ "በረዶው አለ" አለኝ፣ ሰላምታም የለም። ድክመቱ ከጀመረ በ8ኛው ቀን ተጀመረለት፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ስለሆነ ደርሰናል። መሃል ላይ አንድ ዘመድ ፕሬድኒሶሎን ገዝቶ መጣ፣ የሰውነት መከላከያን የሚያቀዘቅዝ ስቴሮይድ ነው፣ በሽታ የመከላከል ስህተት ከሆነ ስቴሮይድ ይሰራል አይደል? እዚህ ላይ አይሰራም፣ ተሞክሮ ታይቷል። ግራ የሚያጋባው ከ8 ሳምንት በላይ ቀስ እያለ የሚባባስ ዘመዱ የሆነ በሽታ አለ፣ እሱ ላይ ይሰራል።

ግን መድሃኒቱ የቱንም ያህል ውድ ይሁን ልጁን ያቆየው አልጋው ላይ የተሰራው ስራ ነው። በየሁለት ሰአቱ ማገላበጥ፣ የማይከደነውን አይን በቅባትና በፕላስተር መጠበቅ፣ ደም እንዳይረጋ መርፌ፣ እግሩን ማንቀሳቀስ፣ ግፊቱን ማየት፣ ግፊቱ ጠዋት 180 ማታ 90 ይሆናል፣ አክታ ሲመጠጥለት ልቡ ዝም ሊል ይደርሳል፣ ይሄም የበሽታው ጠባይ ነው፣ የልብ ነርቭንም ስለሚነካ።

አንድ ቀን ሊጠይቁ የመጡ ሰዎች ራስጌው ቆመው "ኧረ ይሄስ አለቀለት" አሉ። ልጁ ይሰማል እኮ! አእምሮውን የነካው ነገር የለም፣ የተዘጋ በር ውስጥ ያለ ሰው ነው። አስወጣኋቸው፣ ተቀየሙኝ፣ ይቀየሙ። ከዛ ከገበያ የፊደል ገበታ ገዛሁ፣ ያቺን ግድግዳ ላይ የምትለጠፈዋን፣ መስመሩን በጣቴ እየጠቆምኩ ስደርስ አይኑን ወደ ላይ ያደርጋል። የመጀመሪያ ቃሉን ለማውጣት ሩብ ሰአት ፈጀብን። እ። ግ። ሬ። ውሃ ይላል ብዬ ነበር። እግሬ። አንሶላው ሲነካው ያቃጥለዋል! እኔ የማይንቀሳቀስ እግር አያምም ብዬ ሳሸው ነበር የከረምኩት። ህመም እዚህ በሽታ ላይ ብዙ ሰው ላይ አለ፣ ጋባፔንቲን የሚባል የነርቭ ህመም መድሃኒት ተጀመረለት፣ አንሶላውን በካርቶን ከፍ አደረግንለት፣ በማግስቱ በገበታው የጻፈው "ተኛሁ" የሚል ነው።

የመተንፈሻ ማሽኑ ላይ 16 ቀን ቆየ። እጁ ቀድሞ ተመለሰ፣ ቤት ሲገባ አባቴ በገመድ የሚይዘው አግዳሚ ሰራለት፣ በአራተኛው ወር በዱላ ቆመ፣ አብዛኛው ሰው በስድስት ወር ውስጥ ያለ ድጋፍ ይሄዳል፣ እሱም ሄደ። ድካሙ ግን አልለቀቀውም፣ እርሻ ላይ ግማሽ ቀን ነው፣ ሰው ሰነፈ ይለዋል።

እኔ ጤና ጣቢያ መሳቢያዬ ውስጥ መዶሻ አለኝ አሁን፣ ጎልማሳም ይምጣ ሽማግሌ እግሬ ደነዘዘ ያለኝን ሁሉ እመታለሁ፣ ይሳቁብኛል። በሽታው በአመት ከመቶ ሺ ሰው አንድ ሁለቱን ነው የሚይዘው፣ ከሱ ወዲህ አንዲት ሴት ብቻ ናት ያጋጠመችኝ፣ ከመርጡለ ማርያም በኩል እህቷን ልትጠይቅ የመጣች፣ እሷን ቢ ኮምፕሌክስ አልወጋሁም፣ የዛኑ ቀን ነው የላክኋት።

ባለፈው ሳምንት ወንድሜ መጥቶ ነበር፣ ከባጃጅ ሲወርድ እግሩን ነው ያየሁት። የቀኝ እግሩ ጣት አሁንም በደንብ አይነሳም። ሸበጥ ማድረግ ትቷል፣ ከኋላ ማሰሪያ ያለው ሰንደል ነው የሚያደርገው።