ጫማ የሚወለቅበት ቦታ

አድማጮቼ፣ ከቱርክ ከተመለስኩ ወዲህ ስለ ፓሙካሌ ነጭ ተራራ ለሁሉም አውርቻለሁ፤ ዛሬ ግን ሳልናገር ያለፍኩትን አንድ ነገር ላንሳ።

ፍል ውሃው 35 ዲግሪ ያህል ይሞቃል። ከምድር ውስጥ ካልሲየም ተሸክሞ ይወጣና ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ወደ አየር ሲያመልጥ ኖራው እየረጋ ተዳፋቱን እርከን በእርከን ያለብሰዋል። ያንን ድንጋይ ጫማ ስለሚጎዳው ጥበቃዎቹ ፊሽካ እየነፉ ያስወልቃሉ፤ እኔም ጫማዬን አንጠልጥዬ፣ ሻካራውን እርከን በባዶ እግሬ እየረገጥኩ ወደ ጥንታዊቷ ከተማ ወደ ሄራፖሊስ ፍርስራሽ ወጣሁ። ቲያትሩን በፎቶ አይታችሁታልና ልለፈው።

ያልለቀቀኝ ከከተማው በላይ ባለው ኮረብታ ላይ በሐዋርያው ፊልጶስ ስም የታነጸው ባለ ስምንት ማዕዘን ቤተ ክርስቲያን ነው። ጣሪያ የለውም፣ ሰዉም በጫማው ይገባል ይወጣል። ለውሃ ያወለቅሁትን ጫማ ለቤተ ክርስቲያን አጥልቄ ልገባ ነው ብዬ ደጃፉ ላይ ቆምኩ። ታቦት የለበትም፣ ቅዳሴ ከተቋረጠበትም ዘመን አልፏል እያልኩ አንዱን ክር ፈታሁ፤ ከኋላዬ የመጡ ጎብኚዎች መንገድ እንደዘጋሁባቸው በዓይናቸው ሲነግሩኝ መልሼ አሰርኩት፣ ካለፉ በኋላም ደግሜ ፈታሁት። በመጨረሻ ገባሁ፤ እንዴት አድርጌ እንደገባሁ ግን አልናገርም፣ እናቴ ይህን ፖድካስት ትሰማለች።

እሷማ ገና በስልክ እያለን፣ «ጃንደረባውን ያጠመቀው ፊልጶስ ነው?» ብላ ጠይቃኛለች። ስንክሳሩ ጃንደረባውን ያጠመቀውን ዲያቆኑን ፊልጶስን ጥቅምት 14፣ ሐዋርያውን ኅዳር 18 ለይቶ ስለሚያስባቸው አይደለም አልኳት። ነገር ግን በ2ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የኤፌሶኑ ጳጳስ ፖሊክራጥስ፣ ከ12ቱ አንዱ የሆነው ፊልጶስ በሄራፖሊስ ከሴቶች ልጆቹ ጋር ማረፉን ጽፏል፤ በሐዋርያት ሥራ 21 ላይ ግን ትንቢት የሚናገሩ አራት ሴቶች ልጆች ያሉት ዲያቆኑ ነው። እንግዲህ ሁለቱ ተምታተው ከሆነ፣ ምናልባት ክር ስፈታና ሳስር የቆየሁት የጃንደረባችን አጥማቂ ደጃፍ ላይ ይሆናል፤ ምናልባትም አይሆንም። በዚያ ላይ እ.ኤ.አ. በ2011 የጣሊያን አርኪዮሎጂስቶች መቃብሩን አገኘን ያሉት እዚያው አጠገብ ባለ ሌላ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው፤ እሱን ደግሞ በጫማ አልፌዋለሁ።

እናቴ አሁን የምትለው ሌላ ነው፤ ከውሃው በጠርሙስ ለምን አላመጣህልኝም ትላለች። ሰው የሚዋኝበት ፍል ውሃ እንጂ ጸበል አይደለም ስላት፣ «ሐዋርያ ደሙን ያፈሰሰበት ምድር ውሃ እንዴት አይሆንም?» አለችኝ፤ እኔም መልስ ልሰጣት አልኩና…